አንድ ኮስተር፣ ሦስት መንገድ፦ የብሎካችን ሰዎች በደብረ ሊባኖስ

ከአዲስ አበባ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ደብረ ሊባኖስ ምቹ ነው። በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪንና ደብረ ፅጌን ታልፋላችሁ። ከዚያ ከዋናው አስፋልት ወደ ቀኝ ተገንጥላችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ገደሉ፣ ድልድዩ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ገዳሙ፣ ጸበሉ ሁሉም እዚያው አካባቢ ናቸው። ቅዳሜና እሁድ የመሥሪያ ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የሰንበቴው መኪና ሁሉ እዚያ የሚገናኘውም ለዚህ ነው።

ሰሜን ሸዋ ሲባል ብዙ ሰው ደብረ ብርሃንን ያስባል። እሱ በአማራ ክልል ያለው ሰሜን ሸዋ ነው። ደብረ ሊባኖስ ያለው ግን ፍቼን ዋና ከተማው ባደረገው በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ፣ በሰላሌ ምድር ነው።

ይህ የጉዳይ ጥናት የአንድ ጉዞ ታሪክ ነው። ተጓዦቹ የአንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ነዋሪዎች ነን። ጉዞው እኩለ ቀን ሳይሞላ ሊበላሽ ደርሶ ነበር። ከዚያ ተቃና። እንዴት ሊበላሽ እንደደረሰና ምን እንዳቃናው በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት፣ በዚያው ቦታ በዚያው ምክንያት ተኳርፎ የሚመለስ ቡድን ብዙ ስለሆነ ነው። የማንንም ስም አልጠራም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። እኛ የሄድነው መንገዱ ያለ ሥጋት ይኬድ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ የሚሄድ ሰው መኪና ከመከራየቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ማጣራት አለበት።

ማን ምን ፈልጎ መጣ

ሐሳቡ የብሎኩ ኮሚቴ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ከየሰፈሩ በዕጣ ተሰባስቦ ስለሚገባ ለዓመታት በአንድ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ሳይተዋወቅ ይኖራል። ኮሚቴው ለዚህ መላ ፈለገ። መዋጮ ተሰበሰበ፣ ኮስተር ተከራየን፣ ወቅቱም በጥቅምት መጀመሪያ ሆነ። ክረምቱ ወጥቷል፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፣ ወንዙም ውኃ አለው። ምርጫው ጥሩ ነበር።

27 ሰዎች ተሳፈርን። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። ሁላችንም እኩል ገንዘብ አዋጣን። የከፈልነው ግን ለአንድ ነገር አልነበረም።

በዕድሜ የገፉት እናቶች የመጡት ለጸበል ነው። ከእነሱ መካከል ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘንድ ለመድረስ ዓመቱን ሙሉ ሲመኙ ነበር። እህል ውኃ ሳይቀምሱ ነው የተሳፈሩት። ወጣቶቹ የመጡት ለፎቶ ነው። የፎቶ ፍቅር አይናቅም፤ ብዙ ሰው ሀገሩን ለማየት የሚነሳው አንድ ፎቶ አይቶ ነው። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ዝንጀሮ ማሳየት ፈልገዋል። ከእነሱ አንዷ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁለት ልጆች ይዘዋል። የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ አንድ ወጣት ፕሮቴስታንት ነው። ገዳሙን በታሪክነቱ ማየት እንደሚፈልግ ገና ሲመዘገብ ተናግሯል። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጡ የአንድ ጎረቤታችን አጎትም ነበሩ። እሳቸው የፈለጉት ጸጥታ ነው።

ደረጃው ሥር የተለጠፈው መርሐ ግብር ይህን ሁሉ አንድ መስመር ላይ አስቀመጠው። ሌሊት 11፡30 መነሻ፣ 2፡00 ድልድይ፣ 4፡00 ገዳም፣ 6፡30 ምሳ፣ 9፡00 ፍቼ ከተማ፣ 12፡00 ቤት። ከሥሩ በደማቁ «ከቡድኑ መለየት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ይህን የጻፉት በክፋት አይደለም። ገደል ያለበት ቦታ ነው፤ ልጆች አሉ፤ አንድ ሰው ቢጠፋ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው። የኃላፊነት ጭንቀት ነው ያጻፋቸው። ችግሩም የመጣው ከዚህችው መስመር ነው።

ድልድዩ ላይ

መነሳት የነበረብን ሌሊት ነው፤ የተነሳነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። አንዱ ፔርሙዝ ረሳ፣ አንዷ ልጇን ለማልበስ ተመለሰች፣ አንዱ ስልኩን አጥፍቶ ተኝቷል። ይህ የሚጠበቅ ነው። እንጦጦ ላይ ጉም ነበር። ሱሉልታ ላይ ቁርስ ተባለ። የሰላሌ ወተት የታወቀ ስለሆነ ማንም አላለፈውም፤ ወተቱም እርጎውም ተጠጣ። ጾመኞቹ እናቶች መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ማንም ልብ አላለም።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ 4 ሰዓት ሆኖ ነበር። ትልልቅ አውቶቡሶች ቆመዋል። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ተሰልፈው ይወርዳሉ። የአካባቢው ልጆች ስፌትና ቆሎ ይዘው ከበቡን። አስጎብኚ ነን የሚሉ ወጣቶችም መጡ። አጎት ከመኪናው እንደወረዱ «ይሄ እኮ ገበያ ነው!» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት እውነተኛ ሐዘን ነው። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር መጥተው ነበር፤ ያኔ ሰው አልነበረም።

ድልድዩ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» እየተባለ ነው የሚታወቀው። አንዱ አስጎብኚ ወጣት በ16ኛው መቶ ዘመን እንደተሠራ ነገረን። አሁን የቆመው ድልድይ ግን የዐፄ ምኒልክ አጎት በሆኑት በራስ ዳርጌ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንደተሠራ ነው የሚታመነው። ራስ ዳርጌ ሰላሌን ያስተዳደሩ፣ የተቀበሩትም ደብረ ሊባኖስ የሆኑ ሰው ናቸው። ድልድዩ ቅስት ቅስት ያለው የድንጋይ ሥራ ነው፣ ጠባብ ነው። የጉር ወንዝ በሥሩ ያልፍና ትንሽ ሄዶ ከገደሉ አፋፍ ይወረወራል። ከታች የዘጋ ወደም ሸለቆ ይታያል። ውኃው ጀማ ይገባል፣ ጀማም አባይ ይገባል። እንዲህ ያለ ቦታ ዓይን የሚያርፍበት ጊዜ ይፈልጋል።

እኛ ያንን ጊዜ አላገኘንም። ከእናቶቹ በቀር ሁላችንም አንድ ላይ መውረድ ነበረብን። ጠባቧ መንገድ ላይ ተማሪዎቹ ሲወጡ እኛ ቆመን አሳለፍን። ከዚያ የቡድን ፎቶ ተባለ። ለፎቶው ሁሉም ሰው መገኘት አለበት፤ ሁለት ወጣቶች የሉም። ተፈለጉ። እነሱ ሲገኙ አንድ ልጅ ሽንት መጣበት። ሰብሳቢው ይቆጥራሉ፣ ሁለት ሰው ይጎድላል። እንደገና ይቆጥራሉ፣ አንድ ይጎድላል። ፀሐዩ ከረረ። ለማየት የመጣነው ነገር ፊታችን ላይ ተዘርግቶ እኛ ግን እርስ በርስ ስንጠባበቅ ነበር። ቦታውን የሞላው ሌላው ጎብኚ ብቻ አልነበረም። እኛም ተሰብስበን አንድ ነጥብ ላይ ስንቆም መንገድ ዘግተናል፤ ከኋላችን የመጣ አንድ ቤተሰብ «ይቅርታ፣ እናልፍ ነበር» እያለ ቆሞ ነበር።

ጭላዳዎቹ ብቅ ሲሉ ነገሩ ባሰ። ከሌላ ቡድን የመጡ ሰዎች ብስኩት ይወረውሩላቸው ጀመር። አንድ ወንድ ጭላዳ ወደ ልጆቹ ተጠጋ። ከልጆቻችን አንዱ ብስኩት ይዞ ነበርና ጮኸ። አባቱ ድንጋይ አነሳ። ሌላው ጎረቤት «ምን ነካህ? አውሬ አታስቆጣ!» አለው። ቃል ተመላለሰ። ልጁ ምንም አልሆነም። ሁለቱ አባቶች ግን ፊት ተነሳሱ።

እናቶቹ ይህ ሁሉ ሲሆን አልወረዱም። ቁልቁለቱን ለእማማ ጉልበት ስለፈሩ መኪናው አጠገብ ጥላ ፈልገው ተቀምጠዋል። ከተሳፈርንበት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም።

እማማ የተናገሩት

ወደ መኪናው ስንመለስ 5 ሰዓት ተኩል አልፏል። ሰብሳቢው እንደገና ሊቆጥሩ ሲሉ እማማ ተነሱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ እናንተ ተደሰቱ፤ ደስታችሁ ደስታዬ ነው። እኔ ግን ለጸበል ነው የመጣሁት። እንደዚህ ሰው ለሰው እየተጠባበቅን ከዋልን ጸበሉ ሊያመልጠኝ ነው። እኔን አድርሰኝና እናንተ እንደፈለጋችሁ ሁኑ።»

ሰብሳቢው መጀመሪያ «እማማ፣ አንድ ላይ መጥተን አንድ ላይ ነው የምንሄደው» አሉ። እማማ እንዲህ መለሱ፦ «አንድ ላይማ መጣን። አሁን ግን አንተ እኔን ትጠብቃለህ፣ እኔ አንተን እጠብቃለሁ፣ ማንም ያሰበው አልደረሰም።»

ይህን ሲሉ ሁሉም ዝም አለ። የተናገሩት የሁሉንም ልብ ነበርና። አጎት ጸጥታ አላገኙም። ልጆቹ ዝንጀሮውን በደንብ አላዩም። ወጣቶቹ እንኳ ፎቶ ያነሱት የሌላ ሰው ጀርባ እየገባባቸው ነው።

መፍትሔውን ያመጣው ሹፌሩ ነው። ይህን መንገድ ሕዝብ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ገዳሙ እዚህ ቅርብ ነው። እናቶቹን ላድርስና ልመለስ። የነዳጅ ትንሽ ትጨምሩልኛላችሁ። ሁሉንም ሰው በየፈለገው አስቀምጬ በተመሳሳይ ሰዓት ምግብ ቤት ልሰብስባችሁ። ሌሎቹም እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አለ። ሰብሳቢው አመነቱ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፦ «ለልጆቹ ማን ይጠየቃል?» ሁለት አባቶች እጃቸውን አወጡ። ቅድም የተጣሉት ናቸው።

እዚያው ቆመን ሦስት ቦታ ተከፈልን። ጸበል የሚሄዱ፣ እነሱን የሚደግፉ ሁለት ጎረምሶች ተጨምረው። ልጆችና ወላጆች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። ቤተ ክርስቲያኑንና ታሪኩን ማየት የሚፈልጉ፣ ከእነሱ ጋር እኔም። ለእያንዳንዱ አንድ ኃላፊ ተመደበ። መገናኛው 8 ሰዓት፣ ምግብ ቤቱ በር ላይ። ስልክ ቢሠራም ባይሠራም ሰዓቱ አይለወጥም ተባለ። ይህች የመጨረሻዋ ውሳኔ ትንሽ ትመስላለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን የት ናችሁ የሚል ጩኸት ያልነበረው በእሷ ምክንያት ነው።

ሦስቱ መንገዶች

ስለ ጸበሉ የማውቀው እናቶቹ ምሳ ላይ የነገሩንን ነው። ዋሻው ያለበት ቦታ ዳገት አለው። ጻድቁ አንድ እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው የጸለዩበት ነው ይባላል። ጎረምሶቹ እማማን በግራና በቀኝ ደግፈው፣ እያሳረፉ አወጧቸው። ማንም ከኋላ አልተጣደፈም። ማንም አልቆጠረም። ተጠመቁ፣ ጸለዩ፣ ሲበቃቸው ወረዱ። አንደኛው ጎረምሳ በብሎኩ ውስጥ ሙዚቃ ያስጮሃል እየተባለ ክስ የሚቀርብበት ልጅ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እማማ «የኔ ልጅ» ነው የሚሉት።

ገደሉ አፋፍ የቀሩት አንድ የአካባቢውን ወጣት አስጎብኚ አድርገው ወሰዱ። ዋጋውን ከመሄዳቸው በፊት ተስማምተዋል። ወጣቱ ከሰዉ ራቅ አድርጎ ሣሩ ላይ አስቀመጣቸው። ምግብ ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ይግባ አለ። «ብስኩት ሲለምድ የገበሬ ማሳ ይገባል። ከዚያ ገበሬው ይጠላዋል» አላቸው። ጭላዳ ሣር በል ነው። ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣሩን እየነጨ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ይውላል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም በዱር አይገኝም። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ፣ የወንዱ ረጅም ጎፈር፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ፣ ይህ ሁሉ በቅርብ የሚታየው ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ሌሊት ከአውሬ ለማምለጥ ገደሉ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ወደ ሣሩ ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ልጆቹ ይህን ሁሉ ያዙት። ማታ መኪና ውስጥ ሲነግሩን እንደ መምህር ነበሩ። ሁለቱ አባቶችም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ እንደነበር ሙስሊም ጎረቤታችን ሳቅ እያሉ ነግረውኛል።

እኛ ስድስት ሆነን ገዳሙ ገባን። ታላቁ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተሠራና በ1955 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ገዳሙ ግን በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው የተመሠረተው። መጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ የተባለው በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ነው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጥሏል። የገዳሙ አለቃ እጨጌ እየተባለ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሁሉ የበላይ ነበር። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል።

ያላሰብነው ከዚያ በኋላ መጣ። ግቢው ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ የገዳሙ አገልጋይ አገኘን። አጎት እጅ ነስተው «አባቴ፣ የጣሊያን ጊዜውን ይነግሩናል?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በዝግታ ነገሩን። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ጠጋ ብለን ነው የሰማነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ከዚያ የሆነው እልቂት ይታወቃል። ግራዚያኒ ግን በዚያ አላበቃም። የገዳሙ መነኮሳት ከወርዋሪዎቹ ጋር ተባብረዋል ብሎ ጄኔራል ማሌቲን ላከ። ቀኑ ሲመረጥ የግንቦት ተክለ ሃይማኖት ሆነ፤ ግንቦት 12፣ የጻድቁ ዐፅም የፈለሰበት በዓል ነው። ምእመናንም መነኮሳትም ከየገዳሙ የሚሰበሰቡበት ቀን ነው። በዓሉን ሊያከብሩ የመጡት ተያዙ። በማግስቱ በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ወንዝ ዳር ተወሰዱና በመትረየስ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ለሮም ያስተላለፈው ሪፖርት 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ይላል። ከቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት በደብረ ብርሃን በኩል ተረሸኑ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሟቾቹ ቁጥር ሪፖርቱ ካለው በብዙ እንደሚበልጥ አሳይተዋል።

ሽማግሌው ሲጨርሱ ማናችንም ስልክ አላወጣንም። ሒሳብ ሠራተኛው ወጣት «እኔ ይሄን በትምህርት ቤት አንድ መስመር ነው ያነበብኩት» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ «27 ሆነን ብንመጣ ኖሮ እኚህ ሰውዬ አፋቸውን ይከፍቱ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። አይከፍቱም ነበር። ለሰልፍ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ሰብሳቢያችን ቀደም ብለው እየቆጠሩ ቢያመጡን ኖሮ ግቢውን ዞረን፣ ፎቶ አንስተን እንወጣ ነበር። የሰሜን ሸዋ ትልቁ ቁስል በአጠገባችን ያልፍ ነበር።

ስለ ጉብኝት ሲወራ ይህ ለምን እንደማይነሳ ይከነክነኛል። ደብረ ሊባኖስ ውብ ነው፤ ለውበቱ ሰው መምጣቱ ደግ ነው። ግን በዚያ አካባቢ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን የተገደለበትን ሀገር ድልድዩን ብቻ አይቶ መመለስ ለሟቾቹ ግፍ ነው። አስጎብኚ ሁሉ ቢናገረው፣ የትምህርት ቤት ጉዞ ሁሉ ቢያካትተው እወዳለሁ። ልጆቹ በዕድሜያቸው ልክ ይሰሙታል።

ምሳውና ከሰዓት በኋላው

8 ሰዓት ላይ ሁሉም ተገኘ። የዘገየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሹፌሩ ራሱ፣ እናቶቹን ሲጭን። ኮሚቴው ለሁሉም ጥብስ ነበር ያዘዘው። ሙስሊም ጎረቤታችን ነገሩን አስቀድመው አውቀው ሳምቡሳና ሩዝ ይዘው ነበር። ምግብ ቤቱ አተር ክክና ሽሮ ጨመረ። የልጆቹ እጅ ሁሉ ሳምቡሳው ላይ ሆነ። ሲመዘገብ «ምን ይበላሉ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነበር፤ ለሚቀጥለው ተጻፈ።

ምሳው ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠዋት መኪና ውስጥ ሁሉም ስልኩን ነበር የሚያየው። አሁን ግን ሁሉም የሚያወራው ነበረው። ሁላችንም አንድ ነገር አይተን ብንመጣ ማን ለማን ምን ይነግራል? እናቶቹ ስለ ዳገቱ፣ ልጆቹ ስለ ጭላዳው፣ እኛ ስለ ላጋ ወልዴ ተናገርን። ስለ ላጋ ወልዴ ሲነሳ አንዷ እናት የአያታቸው ወንድም መነኩሴ እንደነበሩና ከዚያ ጊዜ በኋላ እንደጠፉ ተናገሩ። ለዓመታት ስንኖር ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር። ኮሚቴው የፈለገው መተዋወቅ የመጣው ሳንጠብቀው፣ በዚህ በኩል ነው።

ፍቼ ቀረ። በዚህ የተከፉ ነበሩ። ፍቼ የአቡነ ጴጥሮስ የትውልድ ቦታ ነው፤ ያን ቦታ ለማየት የጓጉ ሁለት ሰዎች ኮሚቴውን ወቅሰዋል። ወቀሳቸው ልክ ነው። በምትኩ 10 ሰዓት ላይ ወደ ድልድዩ የመመለስ ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ የወጣቶቹ ነው፤ ፎቶው ቆጭቷቸዋል።

አውቶቡሶቹ ሄደዋል። ሁሉም ቡድን ከአዲስ አበባ ጠዋት ስለሚነሳ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ድልድዩ ላይ ይደራረባል፣ ከዚያ ለምሳ ይወጣል፣ ከምሳ በኋላ ወደ ቤቱ ይቸኩላል። 10 ሰዓት ላይ ድልድዩ ላይ የነበርነው እኛና ከብት የሚመልሱ ሁለት እረኞች ብቻ ነን። አጎት ድልድዩ ጠርዝ ላይ ብቻቸውን ረጅም ጊዜ ቆሙ። ማንም አልጠራቸውም።

ስፌት የምትሸጠዋ አንዲት ልጅ እዚያው ነበረች። ጠዋት ስትሮጥ ያየናት ናት፤ አሁን ተቀምጣ ትሰፋለች። ሙስሊም ጎረቤታችን አጠገቧ ቁጭ ብለው አክርማውን ከየት እንደምታመጣ፣ እንዴት እንደምታቀልመው ጠየቋት። ስፌቱ የእናቷም የእሷም እንደሆነ ነገረቻቸው። አንድ ገዙ፤ ሳይከራከሩ። አጎት ጠዋት ገበያ ነው ያሉት ይህችን ልጅ ጭምር ነበር። እኔ በዚህ ከእሳቸው ጋር አልስማማም። እዚያ ሰው ይኖራል። የእኛ መምጣት ገቢው ነው። ለሃያ ሰው አንድ አንድ ብር ከመጣል ከአንድ ሰው አንድ ነገር ጠይቆና አይቶ መግዛት ለሁለቱም ወገን ክብር ነው። ሻጮቹን የሚያሯሩጣቸውም የእኛው ጥድፊያ ነው። ቡድኑ ለአፍታ ብቻ ነው የሚቆመው፤ ያቺን አፍታ ካልሮጡ ምንም አይሸጡም።

ምን ተረፈን፣ ምን ቀረ

ቤት የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነው። እንጦጦ ላይ ጉሙ ተመልሶ ነበር፤ ሹፌሩ በዝግታ ነዳ። ልጆች የያዙት ተማረሩ፤ በማግስቱ እሁድ መሆኑ ጠቀመ። ለምልልሱ የተጨመረው ገንዘብ ከማን እንደሚወጣ በማግስቱ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ክርክር ሆነ። ገደሉ አፋፍ የቀሩት «እኛ በእግራችን ነው የተንቀሳቀስነው፤ ለምን እንከፍላለን?» አሉ። በመጨረሻ ከብሎኩ መዋጮ ተከፈለ፤ ሁሉም ደስ ብሎት አይደለም።

ሰብሳቢው ለጥቂት ቀን ዝም ብለው ነበር። ሥልጣናቸው እንደተነካ የተሰማቸው ይመስለኛል። በኋላ ግን በስብሰባ ላይ ራሳቸው አነሱት። ለሚቀጥለው ጉዞ መመዝገቢያ ቅጽ አዘጋጁ። ጥያቄዎቹ፦ ለምን ትሄዳለህ? ዳገት ትችላለህ? ትጾማለህ? ምን ትበላለህ? ከየትኛው ቡድን ጋር መሆን ትፈልጋለህ? መርሐ ግብሩ ላይም የታዘዙት ሦስት ሰዓቶች ብቻ ናቸው፤ መነሻው፣ ምሳውና መመለሻው። «ከቡድኑ መለየት» የሚለው መስመር ወጥቷል። በምትኩ የየቡድኑ ኃላፊ ስምና ስልክ ገብቷል።

የሚቀጥለው አንኮበር ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን። አንኮበር በደብረ ብርሃን በኩል ነው የሚኬደው፤ ሩቅ ስለሆነ ማደር ይፈልጋል። ወጣቶቹ ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ኮረብታ ፀሐይ ስትወጣ ማየት ፈልገዋል። እናቶቹ ከደብረ ብርሃን ሌሊት መነሳት የለም ብለዋል፤ ብርዱን ያውቁታል። ሹፌሩም የአንኮበርን መንገድ በጨለማ አልነዳም ብሏል። ኮሚቴው አሁን ሁለተኛ ትንሽ መኪና ዋጋ እየጠየቀ ነው።